ሰውየው ታሰረ፤ ውሉስ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ስለ ሰውየው ነው። ስለ ውሉ ግን አንድም ተረት የለንም። ለዚህም ይመስለኛል፣ ያለአግባብ ስለተሰጠ ጨረታ ወሬ በተሰማ ቁጥር ሁላችንም «ማን ታሰረ?» የምንለው። «ውሉ ምን ሆነ? ገንዘቡስ ተመለሰ ወይ?» የሚል ከስንት አንድ ነው።

ኅዳር 2011 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) በስድስት ዓመት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ሲሉ መግለጫ ሰጡ። ካቴና የገባ እጅ በቴሌቪዥን አየን። አገር ጉድ አለ። እሺ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ሲገዛ የሚያይ፣ «ቆይ እስቲ» የሚል እንዴት ጠፋ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጉዳዩ ሕገ ወጥ የሆነ ውል እንዲፈርስ ተዋዋዮቹ ብቻ ሳይሆኑ ጥቅም ያለው ሦስተኛ ወገንም መጠየቅ እንደሚችል በአንቀጽ 1808 ይናገራል። ውል ሲፈርስ ደግሞ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት እንዲመለሱ በአንቀጽ 1815 ያዝዛል። ያለ ጨረታ የተሰጠ ሥራ በዚህ ይጠቃለላል አይጠቃለልም፣ ጠበቆች ይሟገቱበት። ሙግቱ ግን ፍርድ ቤት ይድረስ እንጂ! የግዥ አዋጅም አላነሰንም፤ በ1997፣ በ2001፣ እንደገና በ2016 ዓ.ም. አውጥተናል። ነገር ግን በ2001ዱ አዋጅ ተበደልኩ ያለ ተጫራች መጀመሪያ አቤት የሚለው ለማን ነበር? ለዚያው ለገዢው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ! እንግዲህ ዳኛውም ከሳሹም ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

«ሥራው ተጀምሯል፤ ውሉ ቢፈርስ የሚጎዳው ሕዝቡ ነው» የሚሉ አሉ። አንዳንዴ እውነት አላቸው። በግማሽ የቀረ ድልድይ ማንንም አያሻግርም። ግን ይህ ሥራው እንዲቀጥል ምክንያት ይሆናል እንጂ ትርፉ እንዲቀጥል ምክንያት አይሆንም። ዋጋው በገለልተኛ ባለሙያ ይገመት፤ ከግምቱ በላይ የተከፈለው ይመለስ፤ በሕጉ ተወዳድሮ የተገፋው ተጫራችም ይካስ።

ይህ ካልሆነ የሌባው ሒሳብ ቀላል ነው፤ ፈራሚው ጥቂት ዓመት ይታሰራል፣ ገንዘቡ ግን ወጥቶ ቀርቷል። ስለዚህ ከእንግዲህ የእስር መግለጫ ሲሰጥ ጋዜጠኛው ሁለተኛውን ጥያቄ አይርሳ፤ ውሉ ጸንቷል ወይስ ፈርሷል? ስንት ብርስ ወደ ግምጃ ቤት ተመለሰ?