የቤንዚን ዋጋ ከጋሸና ወዲያ

የዓለም ነዳጅ ረከሰ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሳል፤ ታዲያ እኛ ዘንድ ለምን አይወርድም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቁጥሮቹም ይደግፉታል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. አንድ በርሜል ብሬንት ድፍድፍ ነዳጅ ከ120 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. 65 ዶላር አካባቢ ወርዷል። አዲስ አበባ ላይ ግን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም በኋላ በነበሩት ወራት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላለም። ቀኑ የገና ማግስት ነበር፤ የቤዛ ኩሉን ዝማሬ ሰምቶ ከላሊበላ የተነሳ ምእመን የመልስ ጉዞውን የጀመረው በአዲሱ ዋጋ ነው። ይህን ያየ ሰው ወይ መንግሥት በላው ወይ ነጋዴ በላው ቢል አይፈረድበትም። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከላስታ፣ ከላሊበላ ዙሪያ ሆኖ ለሚያየው ሰው ደግሞ ዋጋው ወጣ ወረደ የሚለው ክርክራችን ራሱ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ይይዛል። በርሜሉ 120 ዶላር፣ ዶላሩ 52 ብር ገደማ በነበረበት በ2014 ክረምት መግቢያ የአንድ ሊትር ድፍድፍ ዋጋ 39 ብር አካባቢ ይመጣል። በርሜሉ 65 ዶላር፣ ዶላሩ ግን 130 ብር ገደማ በሆነበት በግንቦት 2017 ደግሞ 53 ብር አካባቢ ይሆናል። በዶላር ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቅናሽ በብር ሲመነዘር ከአንድ ሦስተኛ የበለጠ ጭማሪ ሆኖ ቁጭ አለ። በመካከል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ገብቷል፤ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ የምትገዛው ድፍድፉን ሳይሆን የተጣራውን ነው፤ የማጣሪያው፣ የመርከቡ፣ የጅቡቲ ወደብና የቦቴው ወጪ ሁሉ ይደመርበታል። ታዲያ በሰኔ ድፍድፉ ብቻውን 39 ብር አካባቢ አውጥቶ፣ በሐምሌ 2014 ማደያው በ47 ብር እንዴት ሊሸጥ ቻለ? ልዩነቱን ድጎማው ይሸፍን ነበር። መንግሥት ከዚያ ወር ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ተሸፍኖ የቆየው ዋጋ ብቅ አለ። እንግዲህ የማደያውን ዋጋ ወደ ላይ የገፉት በዋናነት የብር መድከምና የድጎማው መነሳት ናቸው፤ የዓለም ገበያ ቢረክስም ሁለቱ የቆፈሩትን ጉድጓድ ከመድፈን አያልፍም።

ይህ ሁሉ ግን የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ዋጋ ሲያወጣ ለየከተማው በርቀቱ ልክ የማጓጓዣ ልዩነት ይታሰባል፤ በሊትር ጥቂት ብር ነው። በወረቀት ላይ ላሊበላ ከአዲስ አበባ ያን ያህል አትርቅም። ቦቴው ግን በወረቀት አይሄድም። ጋላፊን አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር እንኳ የማትሞላውን ሚሌን ትቶ ወደ ወሎ ደጋ ይወጣል፤ ከወልድያ ወዲያ የድልብን ጥምዝምዝ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ወጥቶ፣ የአገሩ ሰው ቻይና መንገድ በሚለው ጎዳና ጋሸና ይደርሳል። ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፎ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። አሰብ የእኛ ወደብ በነበረ ጊዜ ማጣሪያውም ወደቡም በኮምቦልቻ መንገድ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ ያኔም ቢሆን ላስታ የመንገዱ መጨረሻ ነበር።

በመንገዱ መጨረሻ ላይ ሁለት ዋጋ ይኖራል። አንዱ ማደያው ላይ የተጻፈው ነው። ሌላው በመንገድ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ ድንጋይ ላይ የተደረደረው ነው። ቦቴ በመጣ ሰሞን የመጀመሪያው ይሠራል። ቦቴ በቀረ ሰሞን ማደያው በገመድ ታጥሮ ይውላል፤ ሃይላንዱ ደግሞ የማደያውን ዋጋ እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠራል፤ ሊትር የተባለውም አንገቱ ድረስ ላይሞላ ይችላል። የባጃጁ ሒሳብ የሚሠራው በየትኛው ዋጋ ነው? በሃይላንዱ። ገብሷን በአህያ ጭና ወፍጮ ቤት የመጣች እናት የምትጠየቀው የማስፈጫ ዋጋስ? በጀሪካን በገባው ናፍጣ ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ አምስት ብር ቢቀነስ ወይም ቢጨመር በዚህ ዋጋ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ላስታ ላይ ቤንዚን የሚወደደውና የሚረክሰው በበርሜሉ ሳይሆን በቦቴው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚልቀው ማስረጃ የቅርብ ጊዜ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ መብራት አጥታ ቆይታለች። የውሃ ፓምፑም፣ ሆቴሉም፣ ወፍጮውም ጄኔሬተር ላይ ወደቁ። ልብ እንበል፤ ያን ጊዜ ነዳጅ በአገር ደረጃ በከፍተኛ ድጎማ ይሸጥ ነበር። ድጎማው ግን ተከፋፍሎ የሚደርሰው ከማደያ ለቀዳ ሰው ነው፤ ማደያው ባዶ ለሆነበት ከተማ ርካሹ ዋጋ ወሬ ነው። በላሊበላ ስም የተከፈለው ገንዘብ ማደያው ሙሉ በሆነበት ከተማ ያለችውን የቤት መኪና ሲያንቀሳቅስ ከረመ።

ስለዚህ ድጎማው ይመለስ፣ ድሃው ይተንፍስ ለሚሉ ወገኖች መልሴ ይኸው ነው። ሐሳባቸውን አልንቅም፤ የትራንስፖርት ታሪፍ ሲጨምር መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን የማደያው ዋጋ ከእውነተኛው ዋጋ እየራቀ በሄደ ቁጥር፣ ቀድቶ ለሌላ የሚሸጠው ሰው ትርፍ ያድጋል። ድጎማው ከፍተኛ በነበረባቸው ዓመታት ነዳጃችን በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገር ይወጣል የሚለው የባለሥልጣናቱ እሮሮ ከዚሁ የመነጨ ነበር። ድንበር የሚሻገረው ጀሪካን እና ጋሸና ላይ የሚያድረው ጀሪካን የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ጥፋቱ የስግብግብ ነጋዴ ነው፣ ቁጥጥር ይጥበቅ የሚለው ደግሞ ከሁሉ የሚቀልና ከሁሉ የሚወደድ መልስ ነው። ሕጉ አልጎደለም፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከባድ ቅጣት አስቀምጧል። በ2015 ግንቦት ደግሞ ነዳጅ በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ታዝዟል። ትእዛዙ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራትም እንደተዘጋ ቆየ። (እንዲህ ያለውን ግጥምጥሞሽ አስቦ የሚያደርገው የለም፤ ሳያስቡ ማድረጉ ነው የሚያሳዝነው።) ሃይላንድ ደርድሮ የሚሸጠውን ወጣት ማሰር ይቻላል፤ በተያዘበት ቀን ግን ወደ ከተማው የገባ አንድ ሊትር አይጨምርም። እንዲያውም አደጋው ስለጨመረ የቀረው ሻጭ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል።

የሚከብደኝ ሦስተኛው መቃወሚያ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልሉ ግጭት ውስጥ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ቦቴ አያልፍም፤ ስለዚህ ሰላም ሳይመጣ ስለ ነዳጅ ማውራት ከንቱ ነው ይላል። ግማሹን እቀበላለሁ። መንገድ በተዘጋ ቀን የሚረዳ የዋጋ ፖሊሲ የለም። መንገዱ ግን ሁልጊዜ ዝግ አይደለም፤ በተከፈተባቸው ቀናት ስንት ቦቴ ይገባል፣ የገባውስ የት ይከማቻል የሚለው የሰላም ድርድር አያስፈልገውም። በቂ ማከማቻ ያለው ከተማ ሁለት ሳምንት የተዘጋ መንገድን ይችላል፤ በአንድ ቦቴ የሚኖር ከተማ በሦስተኛው ቀን ሃይላንድ ይደረድራል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና መፍትሔ ይሆናል የሚሉም አሉ። ከአንድ ዓመት በላይ በጨለማ ለቆየ ከተማ ይህን መንገር ጊዜው ገና ይመስለኛል፤ ለወፍጮውና ለአይሱዙውም አይደርስም።

ዋጋ በተከለሰ ቁጥር የሚወጣው ሠንጠረዥ ከከተማው ስም ትይዩ የሊትሩን ዋጋ ይጽፋል። እዚያው ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመርና ባለፈው ወር ወደ ከተማው ስንት ሊትር እንደገባ ቢጻፍበት ወጪው የቀለም ነው። የላሊበላ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ቁጥር ይሆናል።