ፒካፕ ከፍ ይደረግ፤ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ግን ለማን ነው?

«ይህ ገጽ ፖለቲካና ኢኮኖሚ ትቶ ስለ ሞላና ባሌስትራ ምን ያወራል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዶላር የሚገዛ መለዋወጫም አብሮ ተሰቀለ። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ሃይሉክስ ወይም ዲማክስ ነገ በቀላሉ የምትተኩት ንብረት አይደለም። ይህን ንብረት ለጌጥ ብሎ ማበላሸት የግል ምርጫ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ኪሳራ ነው፤ ሲብስም የሰው ሕይወት ነው።

በመጀመሪያ ለማንም እንዳይመስለን፣ «ፋብሪካው እንደሠራው ተዉት» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የፋብሪካው ባሌስትራ ለሁሉም ሥራ አይሆንም። ሲሚንቶና ብረት የሚያመላልስ፣ ኮረኮንች ላይ የሚውል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መረሬ አፈር የሚጠብቀው ሰው መኪናውን ትንሽ ከፍ ቢያደርግና ቢያጠናክር ልክ ነው። ክርክሬ በልኩ ላይ ነው። ልኩም 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለመንገዱ ሳይሆን ለሰው ዓይን ነው።

«ከፍ ካለ ድንጋይ አይነካውም» የሚለውን እንየው። ሃይሉክስና ዲማክስ ከኋላ ድፍን አክስል ያላቸው መኪኖች ናቸው። የኋላ ዲፈረንሻሉ ባሌስትራው ላይ አልተንጠለጠለም፤ ከጎማው ጋር አብሮ ነው ያለው። ስለዚህ ባሌስትራውን በ5ም በ15ም ሳንቲሜትር ብታነሱት ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት ያው ነው። የሚነሳው አካሉ፣ ሻንሲውና ፓራውልቱ ነው። ዲፈረንሻሉን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም በግማሽ። ከ265/65 ወደ 265/70 ባለ 17 ቸርኬ ብትቀይሩ የጎማው ቁመት በ2.6 ሳንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው 1.3 ሳንቲሜትር ነው። መረሬው ላይ በጎማ ዱካ መሃል የሚጎተተው ዲፈረንሻሉ ነው። 15 ሳንቲሜትር ያስነሳ ሰው ጭቃ ውስጥ ሲቀር ካላስነሳው ጎረቤቱ እኩል ነው የሚቀረው።

ወደ ፊት እንምጣ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ሃይሉክስ የፊት እግሮቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱ ናቸው። በጣም ከፍ ሲል ሲቪ ጆይንቱ ባልተሠራለት ማዕዘን ይሽከረከራል፤ ጎማው ይበላል፤ ቦል ጆይንቱ ይደክማል፤ መሪውም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መቅበዝበዝ ይጀምራል። በ5 ሳንቲሜትር ግን ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በጥሩ አላይመንት ይስተካከላል። ከዚያ ካለፈ አዲስ ኮንትሮል አርም፣ የፊት ዲፈረንሻሉን ዝቅ ማድረጊያ፣ ሌላም ሌላም ይጠይቃል። ያንን ሳይገዙ ከፍታውን ብቻ መግዛት ነው የእኛ አገር በሽታ።

ከሁሉ የሚያናድደው በቶርኖ ተጠርቦ የፊት ሾክ አናት ላይ የሚገባው የብረት ማስገቢያ ነው። ርካሽ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ግን 2.5 ሳንቲሜትር የምትሆን ማስገቢያ ጎማው ጋ ስትደርስ ወደ 5 ሳንቲሜትር እንደምትጠጋ ስንቱ ያውቃል? «ትንሽ ጨምርልኝ» ብሎ 5 ሳንቲሜትር ያስገባ ሰው መኪናውን በ10 አንስቶታል። ሾኩ ግን ያው የድሮው ነው፤ ጉድጓድ ላይ ከልኩ በላይ ይዘረጋል፣ ጉብታ ላይ ያለ ቦታው ይመታል። ከኋላ ደግሞ በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል ወፍራም ብረት ይደረድሩበታል። ብረቱ በረዘመ ቁጥር አክስሉ ነዳጅ ሲሰጠውና ፍሬን ሲያዝ የበለጠ ይጠማዘዛል።

ስለ ፍሬን ካነሳን አይቀር፣ ብዙ የቆዩ ሃይሉክሶች የኋላ ፍሬኑን በጭነቱ ልክ የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው አካሉ ከአክስሉ በራቀውና በቀረበው ርቀት ነው። ከኋላ ከፍ አድርጋችሁ ቫልቩን ካላስተካከላችሁት መኪናው ሁልጊዜ ባዶ የሆነ ይመስለዋል፤ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ የኋላው ፍሬን በቂ ኃይል አያገኝም። ዓባይ በረሃ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

መገልበጡንም በሒሳብ እንየው። በግራና በቀኝ ጎማ መሃል 150 ሳንቲሜትር ያለው፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 70 ሳንቲሜትር የሆነ መኪና እንውሰድ። ማዕከሉ ወደ 80 ከፍ ሲል መኪናው መታጠፊያ ላይ ላለመገልበጥ ካለው አቅም ከስምንት አንዱን ያጣል። ወደ 75 ብቻ ከፍ ቢል ከአሥራ አምስት አንዱን ነው። ይህ ባዶውን ነው። ከላይ ሰው ወይም ጫት ተጭኖ በሌሊት ሲበር ያለውን እናንተ አስቡት። አበው «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

«መኪናዬ ነው፣ ገንዘቤ ነው» የሚለው ክርክር የሚፈርሰውም እዚህ ጋ ነው። መንገዱ ያንተ አይደለም። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የመንገድ ደህንነት ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የፊታቸው ቁመት ከ40 ኢንች (ከ1 ሜትር ትንሽ በላይ) የሚበልጥ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደላቸው ዕድል፣ አፍንጫቸው ዝቅና ዘንበል ካለው መኪኖች በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ፒካፕ ሳይነካም ከፍ ያለ ነው። እናንተ 10 እና 15 ሳንቲሜትር ስትጨምሩበት ከኮፈኑ ፊት የቆመውን ሕፃን ጭራሽ አታዩትም። የፊት መብራቱም አብሮ ከፍ ስለሚል፣ ካላስተካከላችሁት ከፊት ለሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ነው።

«አሜሪካ 15 ሳንቲሜትር ያነሳሉ» ለሚለኝ፣ እዚያም ስህተት ነው እላለሁ። ቢያንስ ግን ያንን ያህል የሚያነሳው ሰው የፊት ዲፈረንሻሉን አብሮ የሚያወርድ ሙሉ ኪት ሊገዛ ይችላል። እኛ የምንኮርጀው ፎቶውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ከፍ ለማድረግ የወሰነ ሰው ጋራዥ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ይነሳል?» መሆን የለበትም። «ስንት ኪሎ እጭናለሁ?» ነው። ጥሩ ኪት የሚሠሩት እንደ ኦልድ ማን ኢሙ ያሉ የአውስትራሊያ ስሞች ባሌስትራውን በጭነት ከፋፍለው ይሸጣሉ፤ ባዶ ለሚውል፣ ሁልጊዜ 300 ኪሎ ለሚይዝ፣ ከዚያም በላይ ለሚጭን። ባዶ የሚነዳ ሰው የከባድ ጭነት ባሌስትራ ቢገጥም ወገቡን ነው የሚያጣው። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ሞላውና ሾኩ ለተመሳሳይ ከፍታ አብረው የተሠሩ ናቸው? ሞላ ብቻ ተቀይሮ የድሮ ሾክ አይቀርም።
2. የፍሬን ቱቦው እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ይደርሳል? ቫልቩስ ተስተካክሏል?
3. የአላይመንቱ ውጤት በወረቀት ይሰጠኛል?
4. መብራቱ በአዲሱ ከፍታ ተስተካክሏል?

እነዚህን የማይመልስ ጋራዥ የሚሸጥላችሁ ከፍታ ብቻ ነው።

ለሚመለከተው አካልም አንድ ቃል። ለቦሎ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ አለ። እዚያ አንድ ሜትር ይዞ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ያለውን መለካትና ከፋብሪካው ልኬት ጋር ማነጻጸር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከ5 ሳንቲሜትር በላይ የተነሳው መሐንዲስ የፈረመበትን ያምጣ። የቶርኖ ብረት አናቱ ላይ ያለው አያልፍ። የምንጠይቀው ይኸው ነው፤ በጀትም የውጭ ምንዛሪም አይፈልግም።

ፒካፕ የሥራ መኪና ነው። ጭነቱን ችሎ፣ ፍሬኑ ይዞ፣ ከፊቱ ያለው እግረኛ ታይቶት ከተመለሰ ቁመቱ በቂ ነው።

ጋራዥ ለመግባት የተቀጣጠራችሁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ለመካኒካችሁም አጋሩት።