ጉርሻው የማን ነው?

ይህችን ጋዜጣ የምታነቧት ምናልባት ያዘዛችሁት በያይነቱ እስኪመጣ ድረስ ይሆናል። ያነሣችኋት ከበሩ አጠገብ፣ ከአየር ትኬት ማስታወቂያውና ከሰርግ ቪዲዮ አንሺው ካርድ ጎን ነው። ለማተሚያ ቤቱ የሚከፈለው ገንዘብም ከሞላ ጎደል የሚመጣው ማስታወቂያ ከሚያወጡት ባለ ምግብ ቤቶች ነው። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ እነሱ ስለሆነ አዘጋጃችን ይህን ሲያነብ ራሱን ማከኩ አይቀርም። ይከክ።

ነገሩን ያስነሣችው አንዲት እህት ናት። አሜሪካ ከገባች ሁለት ዓመት አልሞላትም። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ትሠራለች። ደንበኛ የሚተውላትን ጉርሻ ማታ ማታ ቆጥራ ለባለቤቱ ታስረክባለች፤ በካርድ የተከፈለው ደግሞ ከነጭራሹ በእጇ አይገባም። ሰውየው በሳምንቱ መጨረሻ "ይበቃሻል" ያለውን ያህል ይሰጣታል። አንድ ቀን ደፍራ ብትጠይቀው፣ "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፤ በቤተሰብ መካከል ሂሳብ አለ እንዴ?" አላት። እኔ ዘንድ የመጣችው ክሰስልኝ ብላ አይደለም። "ጋሼ፣ የዚህ አገር ልማድ እንዲህ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?" ብላ ለመጠየቅ ነው።

የገባትስ ገብቷታል። በ2018 የአሜሪካ ኮንግረስ ባወጣው ሕግ መሠረት ጉርሻ የሠራተኛው ንብረት ነው። አሠሪ በምንም ምክንያት ለራሱ ሊያስቀረው አይችልም፤ ሥራ አስኪያጁም ሆነ ተቆጣጣሪው ከሠራተኞቹ ጉርሻ ላይ ድርሻ የለውም። አስተናጋጆች አንድ ላይ አጠራቅመው ሊከፋፈሉት ይችላሉ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። በፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በቀጥታ የሚከፍለው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ከ1991 ጀምሮ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረበትም። ዋሽንግተንና አንዳንድ ግዛቶች ከዚያ ከፍ አድርገዋል። ይህ ትንሽ ክፍያ የተፈቀደው የጎደለውን ጉርሻው ይሞላዋል ተብሎ ነው። እንግዲህ ጉርሻውን መሳቢያ ውስጥ የሚከት ባለቤት የሚወስደው ትርፍ ሳይሆን የሰው ደመወዝ ነው። የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰው እንኳ ለሠራበት ሰዓት ዝቅተኛውን ደመወዝ የማግኘት መብት አለው። "ወረቀት የለህም፣ ዝም በል" የሚለውን ማስፈራሪያ የሰማችሁ ሁሉ ይህን ያዙልኝ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት አገር ቤት ጥለነው የመጣን መስሎኝ ነበር። ለካ ሻንጣችን ውስጥ ከበርበሬው ጋር አብሮ ገብቷል።

በሌላው ከመፍረዴ በፊት ግን የራሴን ጉድ ላውጣ። እኔ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2005 መጨረሻ፣ የግል ጋዜጦች ሲዘጉና ባልደረቦቼ ሲታሰሩ በሞያሌ በኩል ወጥቼ ናይሮቢ የገባሁ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህም ድፍረት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሰብሰብ ባልን ቁጥር ስለ እሱ አወራለሁ፤ ወጣቶች በአክብሮት ያዳምጡኛል።

በ2013 ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ የሚሸጥ፣ ጥግ ላይ ቡናና ሳምቡሳ ያለው ትንሽ መደብር ከፈትን። መነሻችን የዕቁብ ገንዘብ ነበር። የአምስት ዓመት ኪራይ ስንዋዋል ሦስታችንም በግላችን ዋስ ሆነን ፈረምን። ውሉን የሚያይልን ጠበቃ 500 ዶላር ሲጠይቀን "ለማንበብ ብቻ?" ብለን ስቀን ነው የወጣነው። በኋላ ድርጅቱ ሲዘጋ ዕዳው ለምን ቤታችን ድረስ እንደተከተለን የገባን ያ ሳቅ ትዝ ሲለን ነው።

በሁለተኛው ክረምት በረዶው በዛ፣ ገበያው ቀዘቀዘ፣ አንደኛው ጓደኛችን ጥሎን ወጣ። አንድ ሠራተኛ ነበረን። ዕቃ ያወርዳል፣ ወለል ይወለውላል፣ በእኔ ፈንታ ለደንበኛ ይስቃል። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል ያስተማረ፣ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። አንድ አርብ ማታ ባንክ ያለውንና መሳቢያ ውስጥ ያለውን ደምሬ 4,100 ዶላር አገኘሁ። ኪራዩ 3,800 ነው። የእሱ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ደግሞ 670። "ጋሼ፣ ሰኞ ላድርግልዎት?" አልኩት። "አይዞህ ልጄ፣ ያልፋል" ብሎ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ሰኞ አልሆነም። ሌላም አርብ መጣ፣ ሌላም። በስድስተኛው ሳምንት ዕዳዬ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ደረሰ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኪራዩን አንድም ቀን አላሳለፍኩም። መብራቱንም ከፍያለሁ። ማታ ማታ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት "ሱቁ ከተዘጋ እሱም ሥራ ያጣል፤ ይህን የማደርገው ለእሱም ብዬ ነው" የሚል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ባለ ሕንፃው ይከሰኛል፣ መብራት ኃይሉ ይቆርጥብኛል፣ ጋሼ ግን ምንም አያደርገኝም። መንግሥትን አልፈራም ብሎ የተሰደደው ሰው ከባለ ዕዳዎቹ መካከል የመረጠው የማይጮኸውን ነው።

አንድ ቀን ዕቃ ሲያወርድ ጫማው ተቀዶ በላስቲክ ከረጢት እግሩን ጠቅልሎት አየሁ። ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አላልኩም። ያን ዕለት ማታ ግን ደብተሩን ይዤ ፊቱ ተቀመጥኩና "ገንዘብዎን ለኪራይ አውዬዋለሁ፤ አሁን የለኝም፤ ያለብኝ ይህን ያህል ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ካልከፈልኩዎት እንዲሠሩ አልጠይቅዎትም" አልኩት። ይህን ለማለት የወሰደብኝ ጉልበት ናይሮቢ ለመድረስ ከወሰደብኝ የሚበልጥ ይመስለኛል። ሱቁ በ2016 ተዘጋ። እኔ ማታ ማታ ታክሲ እየነዳሁ በሰባት ወር ውስጥ የጋሼን ገንዘብ ጨረስኩ። የመጨረሻውን ስሰጠው ቆጠረው። በመቁጠሩ ቅር እንዳለኝ አልደብቅም፤ ግን መብቱ ነው።

ከሠራተኛ ደመወዝ ተቀንሶ ለመንግሥት መግባት ያለበት ታክስም ከዚሁ ይቆጠራል። ገንዘቡ ለጊዜው በባለቤቱ እጅ ያልፋል እንጂ የእሱ አይደለም። ድርጅቱ ቢከስርም ክፍያውን የሚወስነው ሰው በግሉ ተጠያቂ ይሆናል። በመካከላችን ጎበዝ የተባሉ ሰዎች "ለጊዜው ልጠቀምበት" ብለው ቤታቸውን ያጡት በዚህ ነው። እዚህ ላይ አልዘገይም፤ ከኔ ይልቅ የታክስ ባለሙያችሁ ያስረዳችሁ።

ይልቅ ስለ አንድ ሰው ላንሣ። አሮን ፎየርስታይን ይባላል። ቅድመ አያቶቹ አውሮጳ የነበሩ አይሁድ ናቸው፤ አያቱ በ1906 የመሠረተውን ማልደን ሚልስ የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ በስደተኛ በምትታወቀው በሎውረንስ ከተማ አጠገብ ያስተዳድር ነበር። ታኅሣሥ 11 ቀን 1995 ሰባኛ የልደት በዓሉን ባከበረባት ሌሊት ፋብሪካው ተቃጠለ። የኢንሹራንሱን ገንዘብ ይዞ ማረፍ ወይም ጉልበት ወደሚረክስበት አገር ፋብሪካውን ማዛወር ይችል ነበር፤ ሌሎች የጨርቃ ጨርቅ ባለቤቶች ያደረጉት ያንን ነው። እሱ ግን እዚያው መልሶ እንደሚሠራው አስታወቀ፤ ሥራ ለፈቱት ሠራተኞችም ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ደመወዛቸውን ከፈለ። አገሩ ሁሉ አጨበጨበለት። ፕሬዚዳንት ክሊንተንም በ1996 ኮንግረስ ፊት ንግግር ሲያደርጉ በእንግድነት ጋበዙት።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰባኪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀሪው ግን አለ። የኢንሹራንሱ ገንዘብ ለግንባታው ስላልበቃ ብዙ ተበድሮ ነበርና ኩባንያው በ2001 ኪሳራ አወጀ፤ ፎየርስታይንም የአያቱን ፋብሪካ አመራር አጣ። በ2021 በ95 ዓመቱ አረፈ። "አየህ፣ ደግነት ያከስራል" የሚለኝ ነጋዴ ወዳጅ አለኝ። የእኔ አስተያየት ለየት ይላል። ሰውየውን የጎዳው የከፈለው ደመወዝ ሳይሆን የግንባታው ብድር ነው። ቢሆንም ወዳጄ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ትክክል የሠራ ሰው ሁሉ አይበለጽግም፤ እንደሚበለጽግ ለአንባቢ ቃል ብገባ ውሸታም እሆናለሁ። እኔም ለጋሼ በከፈልኩ በማግሥቱ ሀብታም አልሆንኩም፤ ታክሲዬን ነው የነዳሁት።

የባለ ምግብ ቤቶቹም ችግር እውነተኛ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ወንበራቸውን ገልብጠው ወራት የተቀመጡትን አውቃለሁ። ምግብ አመላላሽ ኩባንያዎች ከአንድ ትእዛዝ ላይ እስከ 30 በመቶ የሚቆርጡበት ውል አለ። የጤፉ ዋጋ ሲጨምር እንጀራው ላይ አንድ ዶላር ቢጨምሩ ጩኸቱ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይሰማል። ስለ እኛ ስለ ደንበኞቹም ከተነሣ፣ በአንድ ሻይ ሦስት ሰዓት ፖለቲካ ተከራክረን ሃምሳ ሳንቲም ጥለን የምንወጣ ሰዎች ስለ ጉርሻ ለመናገር አፋችን ደረቅ ነው። እኔም አለሁበት።

ግን አንድ ነገር አይገባኝም። ይኸው የልጅቷን ጉርሻ የሚያስቀረው ሰው የዕቁብ ጓደኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ዕጣ ያወጣው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሃያ ለሚበልጡ ሳምንታት፣ ብሩን በልቶ ከጨረሰ በኋላ፣ እሑድ እሑድ ሳይዘገይ ጥሏል። አንድ ጊዜ ታሞ እንኳ በልጁ እጅ ልኳል። ሐቀኛ አይደለም ልለው አልችልም። ዕቁቡ ዘንድ ግን ሠላሳ ሰው ያየዋል፤ ከቀረ ስሙ በከተማው ሁሉ ይነሣል፣ ዋሶቹም በሩን ያንኳኳሉ። ልጅቷ ዋስ የላትም። ማታ በሩ ተቆልፎ ጉርሻው ሲቆጠር ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ ደግሞ የምትፈራ ናት።

ባለፈው እሑድ ዕቁብ ላይ ጎኑ ተቀምጬ ነገሩን አነሣሁበት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ስለ ኪራዩ ነገረኝ፤ ቀጥሎ ዝም አለ። "ስንት ይሆናል?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ደብተሩ ያለው አንተ ዘንድ ነው" አልኩት። የአሥራ አራት ወር ጉርሻ በአንድ ቀን እንደማይከፈል አውቃለሁ። በአርብ በአርብ ቢከፋፈል ልጅቷ እንደምትስማማ ጠይቄያታለሁ፤ ትስማማለች። እሱ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።

ስሙን አልጽፍም፤ ቤቱንም አልጠቁምም። በሚቀጥለው ወር ይህች ጋዜጣ ከአንድ ምግብ ቤት በር ላይ ከታጣች ግን ከጎኑ ካለው ፀጉር ቤት ጠይቁ፤ እዚያ እናስቀምጣለን።