«ሰላም ተስፋዬ ለእሱ?»

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ቡታጅራ፣ ጓደኛችን ቤት «ክረምብስ» የሚባለውን ፊልም በላፕቶፕ አየን። ስንጀምር ስድስት ነበርን፣ ሲያልቅ ሦስት ቀረን። ፊልሙ ደግሞ ረጅም እንዳይመስላችሁ፣ 68 ደቂቃ ነው።

ላላያችሁት፦ ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ እዚህ አገራችን፣ በአማርኛ የሠራው ፊልም ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ስሙም ፍርፋሪ ማለት ነው። ዓለም ካለቀላት በኋላ ሁለት ፍቅረኛሞች ሰው በተወው የቦውሊንግ መጫወቻ ውስጥ ይኖራሉ። ሰማዩ ላይ ከቆመች ብዙ ዘመን የሆናት መንኮራኩር አለች። የነቃች ሲመስል ሰውየው የመሳፈሪያውን መንገድ ፍለጋ ይወጣል፤ በዳሎል ቢጫ መሬት በኩል ሄዶ ጠንቋይም የገና አባትም ያገኛል። ሴቲቱ ቤት ሆና በማይክል ጆርዳን ፎቶ ፊት ትጸልያለች። አዎ፣ በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ።

ከወጡት አንዱ «ምንም አልገባኝም» አለ። እውነቱን ነው፣ መሃሉ ላይ እኔም ሰዓት አይቻለሁ። ሌላው «ፈረንጅ መጥቶ አገራችንን የዓለም ቆሻሻ መጣያ አደረጋት» ብሎ ተቆጣ። ይህኛው ቁም ነገር ያለው ወቀሳ ነው፣ ግን ፊልሙን የሚያስተው ይመስለኛል። በፊልሙ ውስጥ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ጥንት ቅርስ፣ እንደ ክታብ ይሸጣል፤ ነጋዴው ለእያንዳንዱ ታሪክ ይፈጥርለታል። ገበያችን ወርዶ ሰልባጅ የገዛ ሰው ይህን ቀልድ ከማንም ፈረንጅ ቀድሞ ይረዳዋል። ስሙን እንኳ የማናውቀውን የሰው አገር ክለብ ማሊያ ለብሰን ስንት ጊዜ ሰርግ ሄደናል?

ግን ቤቱን የከፈለው ይህ አልነበረም። መንኮራኩሯንማ ሁሉም ተቀብሏት ነበር፤ እንዲያውም «ዘቢዳር ላይ ብትቆም ያምርባት ነበር» እያልን ስንቀልድ ነበር። ሳቁ የመጣው ፍቅረኛሞቹ አንድ ላይ ሲታዩ ነው። ሴቲቱ በፍቅር ፊልሞቻችን ሁላችንም የምናውቃት ሰላም ተስፋዬ ናት። ወንዱ ዳንኤል ታደሰ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ። አንዱ «ሰላም ተስፋዬ ለእሱ?» አለ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ።

እኔ ባየኋቸው የአማርኛ ፊልሞች እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ወይ ለማሳቅ ነው፣ ወይ ምጽዋት ሊቀበል፣ ወይ ዋናውን ተዋናይ ደግ ለማስመሰል። ልጅቷን የሚያገባው ሌላ ነው። ድሃው ሀብታሟን ሲያገባ አጨብጭበን እንወጣለን፤ «ለእሱ?» ያለ ማንም የለም፣ መልከ መልካም ነዋ! የ«ክረምብስ» ድፍረት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ለምን እንደተወደደ አያስረዳም፣ በመጨረሻ ተአምር ሠርቶም አያቃናውም። የሚወድ፣ የሚፈራ፣ መንገድ የሚሄድ ዋና ሰው ነው፣ አለቀ። ያንሶ በ2019 ባወጣው ቀጣይ ፊልሙም መሪ ተዋናዩ ይኸው ዳንኤል ነው። የእኛዎቹ አዘጋጆች ለምን እንዲህ ያለ ቦታ አልሰጡትም ብሎ መጠየቅ «ፈረንጅ አዋረደን» ከማለት ይከብዳል።

ቅሬታዬንም ልናገር። ሰላምን የሚያህል ተዋናይት ይዞ አብዛኛውን ጊዜ ቤት አስቀምጦ ማስጠበቅ የሚያስቆጭ ነው። ጉዞው ሁሉ የእሱ ነው። ለወንዱ ያን ያህል የተጨነቀ ፊልም ለሴቲቱ ሰንፏል።

እስከ መጨረሻው ከቀረነው ሦስት አንዱ በልጅነቱ ፖሊዮ እግሩን የጎዳው ልጅ ነው። ስንስቅ እሱ አልሳቀም፣ እኔም ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ላፕቶፑ ሲዘጋ ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ አፌ ተሳሰረ። እሱ ግን ስለ ሳቁ ምንም ሳያነሳ «አንድም ጊዜ አላዘነችለትም፣ አየህ?» አለኝ። ከዚያ ፊልሙን በፍላሽ ገልብጬ እንድሰጠው ጠየቀኝ።