በካርቶኑ ላይ የተጻፈችው 1 ሚሊሰከንድ

የኮምፒውተር ጨዋታ የሚወድ ወጣት ሞኒተር ለመግዛት ወደ መደብር ሲገባ በቅድሚያ ዓይኑ የሚያርፈው በካርቶኑ ላይ በደማቅ ቀለም በታተሙ ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። አንደኛው የኸርዝ ቁጥር ሲሆን ሁለተኛዋ «1 ሚሊሰከንድ» የምትለው ናት። በመጀመሪያው ቁጥር ላይ እምብዛም ቅሬታ የለኝም። 144 ኸርዝ ከተባለ ስክሪኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን 144 ጊዜ ያድሳል ማለት ነው፤ ይህም ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ነው። ሁለተኛዋ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የሳይንስ መለኪያ መስላ የቀረበች፣ በአንድ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ተቀባይነት የማታገኝ ቁጥር ናት። ምን እንደተለካ፣ ከየት እስከ የት እንደተለካና በምን ሁኔታ እንደተለካ አትናገርም። አንድ ተማሪ በላቦራቶሪ ሪፖርቱ ላይ «1 ሚሊሰከንድ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «የምኑ?» ብሎ እንደሚመልስለት አያጠራጥርም። ለብዙ ወራት ገንዘብ አጠራቅሞ ሞኒተር የሚገዛ ሰውም ይህንኑ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ጥያቄውን በሚገባ ለመጠየቅ ግን ብዥታው የት እንደሚፈጠር ማወቅ ያስፈልጋል። በስክሪን ላይ በፍጥነት የሚሮጥ ነገር የሚደበዝዘው ፒክስሎቹ ቀርፋፋ ስለሆኑ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። እምነቱ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። በቀደሙት የፈሳሽ ክሪስታል ሞኒተሮች ውስጥ ሞለኪውሎቹ በኤሌክትሪክ መስክ ተገፍተው አቅጣጫቸውን እስኪለውጡ ድረስ በአሥር የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ያልፉ ነበር። ዛሬ ግን ኦሌድ የተባለው የስክሪን ዓይነት አለ። በዚህ ስክሪን ላይ አንድ ፒክስል ቀለሙን ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሆኖም ይህንኑ ስክሪን በ60 ኸርዝ አሠርተን በላዩ ላይ የሚሮጥ ነገር በዓይናችን ብንከታተል አሁንም ብዥ ይልብናል። ፒክስሉ ፈጣን ሆኖ ሳለ ምስሉ ከደበዘዘ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ምክንያቱ ያለው በዓይናችን ውስጥ ነው። ሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲከታተል ዓይኑ ሳያቋርጥ ለስለስ ብሎ አብሮ ይዞራል። በሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ጭልፊት የምናየው በዚህ ዓይነት ነው። ጭልፊቱ በእርግጥ የሚንቀሳቀስ በመሆኑና ዓይናችንም እኩል አብሮት ስለሚሄድ ምስሉ በሬቲናችን ላይ በአንድ ቦታ ይረጋል፤ ስለዚህም ጥርት ብሎ ይታየናል። በስክሪን ላይ የምናየው ነገር ግን በእውነቱ አይንቀሳቀስም። በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይበራል፤ ቀጥሎ በድንገት በሌላ ቦታ ላይ ይገኛል፤ እዚያም እንደገና ይቆማል። በ60 ኸርዝ እያንዳንዱ ምስል ለ16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ሳይነቃነቅ ይቆያል። ዓይን ግን በዚህ ጊዜ ሁሉ መዞሩን አላቆመም። በመሆኑም የቆመው ምስል በሚዞረው ሬቲና ላይ፣ ያልደረቀ ቀለም በጣት እንደሚጎተት፣ ይጎተታል።

የብዥታው መጠን በቀላሉ ሊሰላ ይችላል። ነገሩ የሚሮጥበት ፍጥነት ምስሉ በርቶ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ የብዥታውን ስፋት ይሰጠናል። ለምሳሌ ያህል በሰከንድ 960 ፒክስል የሚሮጥ ነገር በ60 ኸርዝ 16 ፒክስል፣ በ120 ኸርዝ 8 ፒክስል፣ በ240 ኸርዝ ደግሞ 4 ፒክስል ያህል ይደበዝዛል። ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። የኸርዙን ቁጥር ከፍ ማድረግ በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ብቻ ብዥታውን ወደ አንድ ፒክስል ለማውረድ ብንፈልግ ወደ 1000 ኸርዝ የሚጠጋ ስክሪንና በየሰከንዱ ያንኑ ያህል ምስል የሚያመርት ኮምፒውተር ያስፈልገናል። ይህ ደግሞ የተማሪ ኪስ የሚችለው አይደለም።

ጀርባው ወፍራም የነበረው አሮጌው ባለ ቱቦ ሞኒተር ይህ ችግር አልነበረበትም። የኤሌክትሮን ጨረሩ ፎስፈሩን ሲመታው ነጥቡ ብልጭ ይልና ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሰከንድ በኋላ ይደበዝዛል፤ ጨረሩ እስኪመለስ ድረስም ጨለማ ነው። ለእንቅስቃሴው ጥራት የሰጠው ይህ ጨለማ ነበር። መሐንዲሶች ያጠፉትን ጨለማ ወደ ዘመናዊው ሞኒተር መልሰው ያስገቡት ደግሞ በጎን በር ነው ማለት ይቻላል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2011 ላይትቡስት የተባለውን ዘዴ ያቀረበው በመነጽር ለሚታዩ ባለ ሦስት አውታር ምስሎች ነበር። የጀርባ መብራቱ ፒክስሎቹ እስኪለወጡ ድረስ ይጠፋል፤ ለውጡ ሲያበቃ ለአጭር ጊዜ ብልጭ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ጨዋታ ወዳዶች መነጽሩን አውልቀው ይህንኑ ዘዴ ለተራ ምስል ተጠቀሙበት፤ ብዥታውም በአስደናቂ ሁኔታ እንደቀነሰ ተገነዘቡ። ኩባንያዎቹም ዘዴውን የተለያየ የንግድ ስም እየሰጡ በሜኑአቸው ውስጥ አስገቡት። ስሙ ምንም ይሁን ምን ሥራው አንድ ነው፤ መብራቱን ብልጭ ድርግም ማድረግ።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ። «1 ሚሊሰከንድ» የሚለው ጽሑፍ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው ፒክስሉ ከአንድ ግራጫ ወደ ሌላ ግራጫ የሚለወጥበት ጊዜ ነው፤ እርሱም ቢሆን በተለምዶ የሚለካው ከለውጡ 10 በመቶ እስከ 90 በመቶ ያለው ብቻ ነው። ከልዩ ልዩ የግራጫ ጥንዶች መካከል ፈጣኑ ሊመረጥ ይችላል፤ ኦቨርድራይቭ የተባለውም ማስተካከያ ማንም ሰው በማይጠቀምበት ደረጃ ሊከፈት ይችላል። ሁለተኛው ምስሉ ለዓይን በርቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ይህም በፈሳሽ ክሪስታል ሞኒተር ላይ ወደ 1 ሚሊሰከንድ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ብልጭታው ሲከፈት ብቻ ነው። ሁለቱን መጠኖች በአንድ ቁጥር መጥራት፣ የአንድን መኪና ፍጥነትና የጎማውን ግፊት በአንድ ስም እንደመጥራት ነው። ቬሳ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የቪዲዮ ኤሌክትሮኒክስ ደረጃ አውጪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ክሊርኤምአር የተባለ ደረጃ ማውጣቱ የዚህ ግርታ ማስረጃ ነው። ይህ ደረጃ ሚሊሰከንድን ትቶ በሚንቀሳቀስ ምስል ውስጥ ጥርት ያሉት ፒክስሎች ከደበዘዙት ጋር ያላቸውን ምጣኔ ይለካል። ሆኖም ደረጃው በኩባንያዎች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ «1 ሚሊሰከንድ»ም ከካርቶኖች ላይ አልጠፋችም።

ብልጭታውን መክፈት ታዲያ መፍትሔ ነውን? በከፊል ነው፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ዋጋ ብርሃን ነው። በ120 ኸርዝ እያንዳንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። መብራቱ ከዚህ ውስጥ ለ1 ሚሊሰከንድ ብቻ ከበራ ከቀድሞው ብርሃን 12 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቀራል፤ 300 ካንዴላ በሜትር ካሬ የነበረው ወደ 36 ይወርዳል ማለት ነው። አንዳንድ ሞኒተሮች በብልጭታው ቅጽበት ተጨማሪ ኤሌክትሪክ በመላክ ጉድለቱን ለማካካስ ይሞክራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይተኩትም። የብልጭታውን ርዝመት ማስተካከያ ያለው ሞኒተር ከሆነ፣ በጠራራ ፀሐይ በሚበራ ክፍል ውስጥ 2 ሚሊሰከንድ መምረጥ 1 ሚሊሰከንድን በጨለማ ከማፍጠጥ ይሻላል እላለሁ።

ሁለተኛው ዋጋ ብልጭታው ከኮምፒውተሩ ጋር እኩል መራመድ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። መብራቱ በሰከንድ 120 ጊዜ ብልጭ እያለ ግራፊክስ ካርዱ 60 ምስል ብቻ ቢያመርት እያንዳንዱ ምስል ሁለት ጊዜ ይበራል። በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ዓይን ወደፊት ስለተጓዘ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። በፊልም የሚሠራው የሲኒማ ፕሮጀክተርም በሰከንድ 24 ምስል እያሳየ መርገብገቡን ለማጥፋት ሲባል እያንዳንዱን ምስል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያበራው ስለነበር ይህ ድርብ ምስል ለሲኒማ ተመልካች አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ካርዱ አቅም ከሌለው የጨዋታውን የምስል ጥራት ዝቅ አድርጎ ቁጥሩን ማድረስ፣ ካልሆነም ብልጭታውን መዝጋት ይመረጣል።

ከስክሪኑ አናትና ግርጌ የሚታየው ጥላም የዚሁ ዘዴ ውጤት ነው። ምስሉ የሚታደሰው ከላይ ወደ ታች በመሆኑ ብልጭታው ሲመጣ መካከሉ ዝግጁ ሆኖ ሳለ አንዱ ጫፍ ገና በለውጥ ላይ ሊሆን ይችላል። እስከ 240 ኸርዝ የሚደርስ ሞኒተር ወደ 120 ዝቅ ተደርጎ ቢሠራ ፒክስሎቹ ፋታ ስለሚያገኙ ጥላው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ኦቨርድራይቩን እስከ ጫፍ መክፈት ግን ሌላ በሽታ ያመጣል፤ ፒክስሉ ከታዘዘው ቀለም አልፎ ይሄድና ከሚሮጠው ነገር ጀርባ ነጣ ያለ ጭራ ይተዋል። ፈሳሽ ክሪስታል በብርድ ጊዜ ቀርፋፋ ስለሆነ ሞኒተሩ ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይሞቅ እነዚህን ነገሮች ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ በተለይ በደጋ አገር ጧት ላይ።

ብዙ ተጫዋቾችን ከብልጭታ የሚያርቃቸው ግን ከእነዚህ አንዱም ሳይሆን የመዘግየት ፍርሃት ነው። ተጫዋቾች ኢንፑት ላግ የሚሉት፣ ማውሱ ከተነካበት ቅጽበት አንሥቶ ውጤቱ በስክሪኑ ላይ እስኪታይ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ብልጭታ በእርግጥ መዘግየት ይጨምራል፤ መብራቱ ምስሉ እስኪጠናቀቅ መጠበቅ ስላለበት ጭማሪው በአማካይ የአንድ ዙር ግማሽ ያህል ነው። በ120 ኸርዝ ወደ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። አንዳንዶች ይህችን 4 ሚሊሰከንድ ፈርተው ብልጭታውን ሲዘጉ ቪ-ሲንክ የተባለውን ማስተካከያ ግን ከፍተው ይተዉታል። ቪ-ሲንክ ምስሎችን በሰልፍ ያስጠብቃል፤ በ60 ኸርዝ በሰልፉ ላይ የሚጠብቅ እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይጨምራል። በሰከንድ 125 ጊዜ ብቻ መረጃ የሚልክ ተራ ማውስም ብቻውን እስከ 8 ሚሊሰከንድ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ 1000 ጊዜ የሚልከው ግን ከ1 አያስበልጥም። በእኔ እምነት በመጀመሪያ መነካት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፤ ሰልፉን ማሳጠር፣ የሞኒተሩን ምስል ማስዋቢያዎች ሁሉ መዝጋት፣ ከዚያ በኋላ ስለ ብልጭታ መወያየት።

የሰው ዓይን አይቶ እጁ እስኪመልስ ድረስ 200 ሚሊሰከንድ ያህል ካለፈ የ10 ሚሊሰከንድ ልዩነት ምን ፋይዳ አለው የሚል ተቃውሞ በተደጋጋሚ ይነሣል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። ብቻውን ቼዝ ለሚጫወት ሰው ምንም ፋይዳ የለውም። እኩል ቅልጥፍና ያላቸው ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሲተኩሱ ግን ሁለቱም 200 ሚሊሰከንዳቸውን ከፍለዋል፤ አሸናፊውን የሚለየው ትርፉ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ አገር በአርኖልድ ዊልኪንስና በባልደረቦቹ የታተመ ጥናት፣ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው የቢሮ ፍሎረሰንት መብራት በከፍተኛ ድግግሞሽ በሚሠራ መብራት ሲተካ የሠራተኞቹ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። መርገብገቡን ሠራተኞቹ በዓይናቸው አይለዩትም ነበር። የሞኒተር ብልጭታም በዚሁ የድግግሞሽ ሠፈር ውስጥ ይገኛል። በአንድ ስክሪን ማታ የሚጫወትና ቀን የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ብልጭታውን ለጨዋታው ሰዓት ብቻ እንዲከፍት የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ጽሑፍ አይሮጥም፤ ስለዚህም አይደበዝዝም።

እስካሁን የተናገርነው የራሱ ኮምፒውተር ስላለው ሰው ነው። በከተሞቻችን ግን ብዙው ወጣት የሚጫወተው በፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ ስለ 4 ወይም ስለ 8 ሚሊሰከንድ አይደለም። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴውን ለማለስለስ በሁለት ምስሎች መካከል ሦስተኛ ምስል ፈጥረው ያስገባሉ። መካከለኛውን ለመፍጠር ደግሞ የሚቀጥለው ምስል እስኪደርስ መጠበቅ አለባቸው። ሌሎቹ ማስዋቢያዎች ሲታከሉበት መዘግየቱ ከ100 ሚሊሰከንድ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱም ተጫዋቾች የሚያዩት አንድ ስክሪን ስለሆነ ጉዳቱ እኩል ነው የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ገምቶ የሚጫወተው ብዙም አይጎዳም፤ አይቶ የሚመልሰው ግን፣ ለምሳሌ በፍጹም ቅጣት ምት ላይ ያለው ግብ ጠባቂ፣ ዘግይቶ ይወረወራል። በብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች የምስል ሜኑ ውስጥ «ጌም» የሚል ምርጫ አለ፤ ይህንን ሁሉ ማስዋቢያ በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ሲከፈት ቀለሙ ትንሽ ደብዘዝ ስለሚል ደንበኞች ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብለው ሪሞቱን እንደሚያነሡ ለቤቱ ባለቤት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።