ያረጀ ውሻም አደራ ነው

በአገራችን ለውሻ የተሰጠው ስፍራ ደጅ፣ የተሰጠው ሥራም ዘብ ነው። ሌሊት ይጮኻል፣ ቀን ያንቀላፋል፣ ትርፍራፊ ይጣልለታል። ጥርሱ ሲያልቅና ጆሮው ሲደነቁር ዘበኝነቱ ያበቃል፤ ጡረታ ግን የለውም። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ወይ የልጆች ድንጋይ፣ ወይ የመኪና ጎማ፣ ወይ መርዝ ያለበት ሥጋ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። መጮኽ ሲሳነው ምን ይብላ የሚለውን ግን ተረቱም አልመለሰው፣ እኛም አልጠየቅን።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመኝታ ቤቱ በስተጀርባ የሚኖረውን መቻልን የማያውቅ የግቢያችን ተማሪ የለም። ዘንድሮ የሚመረቁት ሲገቡ እንኳ ሽማግሌ ነበረ ይላሉ። በቅርቡ ጥቂት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የእንስሳት ሐኪም አሳይተውት ነበር። ኩላሊቱ ደክሟል፣ የኋላ እግሮቹ መገጣጠሚያ ታሟል፣ አንድ ዓይኑንም ሞራ ሸፍኖታል። ኩላሊቱና እግሩ ወደ ቀድሞው አይመለሱም፤ በእንክብካቤ ግን ሥቃዩ ሊቀልለት ይችላል። አሁን ክረምቱ ሊገባ፣ ተማሪው ወደየቤቱ ሊበተን፣ ምግብ ቤቱም ሊዘጋ ነው። ውሾቹ ከግቢው ይወገዱ የሚል አሳብም እየተሰማ ነው።

እኛ የምንለው ይህን ውሻ ማኅበራችን በአደራ ይረከበው ነው። አደራ ተቀባይ ባለቤት አይደለም፤ ለዘለዓለም የእኔ ነው ብሎ አይምልም፤ በእጁ ሳለ ግን እንዳይጎዳ ይጠብቃል። በሌሎች አገሮች ይህ የታወቀ ሥራ ነው። የውሾች መጠለያ ያላቸው ማኅበሮች ያረጀውንና የታመመውን ውሻ ፈቃደኛ ለሆነ ቤተ ሰብ ለጊዜው ይሰጣሉ። ብዙውን ጊዜ ማኅበሩ የሕክምናውን ወጪ ይችላል፤ ቤተ ሰቡ ቤቱንና ጊዜውን ይሰጣል። ቋሚ ባለቤት ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘም ውሻው የቀረችውን ዕድሜ በጎዳና ላይ አይፈጽማትም።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዕውቀትና የማይቋረጥ ትጋት ግን ይጠይቃል። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ብዙ ይጠጣል፣ ብዙም ይሸናል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ሌት ተቀን ሊለየው አይገባም፤ ሽንቱን አበዛ ብሎ ውሃ መከልከል መግደል ነው። ከምግብ አዳራሹ የሚወጣው የወጥ ትርፍራፊም ለርሱ ስጦታ አይደለም። ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ወጣችን ደግሞ ከሥጋውም ሆነ ከሽሮው ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ጨው የሌለበት ሩዝና ጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ይሻለዋል። ለራስ ምታት የምንውጠው ኢቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ የታመመውን ኩላሊት ጨርሶ ያጠፋል። ስለዚህ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከኪሳችን ክኒን አውጥተን አንስጠው። እግሩን የሚያመው እንስሳ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ሕመሙ ይብስበታል፤ ከመሬት ከፍ ያለ ሣንቃ፣ ደረቅ ጆንያና ዝናብ የማያስገባ ቆርቆሮ ይበቃዋል። መኝታ ክፍል ይግባ ያለ የለም።

ሰው ሳይጠግብ ለውሻ ማሰብ ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ። ይህን ክርክር አንንቀውም፤ በሩ ላይ የሚለምን ሕፃን እያየን የምንገባ ተማሪዎች ነን። ነገር ግን የውሻው ነገርና የሰው ነገር ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች አይደሉም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በያመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ በአፍሪቃና በእስያ ያሉ የድኃ ልጆች ናቸው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጄኔቭ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች በ2030 ከውሻ በሚተላለፈው በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ግብ ሲያቆሙ፣ መንገዱ ውሾችን መፍጀት ነው አላሉም፤ መከተብ ነው አሉ። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የተገደለው ውሻ ስፍራ ግን ባዶ አይቀርም፤ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይገባበታል። እንግዲያውስ የተከተበና የሚታወቅ ሽማግሌ ውሻ በግቢያችን መኖሩ ለሰውም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ክርክር «ዛሬም ነገም ሟች ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ይሞታል። አደራውም እስከዚያ ድረስ ነው። ምግብ እምቢ ሲል፣ መነሣት ሲያቅተው፣ ሥቃዩም በመድኃኒት አልቆም ሲል፣ በሐኪም እጅ በሰመመን እንዲያልፍ ማድረግ የአደራው መጨረሻ ነው። ይህ ግን አንድ የሰለቸው ሰው ብቻውን የሚፈርደው ሳይሆን፣ ተንከባካቢዎቹ ከሐኪሙ ጋር መክረው የሚወስኑት መሆን አለበት። በየከተማችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ሲገድሉበት ከኖሩት ከስትሪክኒን ጋር ማንም እንዳያመሳስለው። በስትሪክኒን የተመረዘ ውሻ ራሱን ሳይስት፣ ጡንቻው እየተኮማተረ፣ ትንፋሹ እየታፈነ ነው የሚሞተው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የውሻው ብቻ ሳይሆን የእኛም ጠባይ መለኪያ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ከመዘጋታችን በፊት ሦስት ነገር እንዲወስን እናሳስባለን። አንደኛ፣ መቻልና ሌሎቹ የግቢው ውሾች ተመዝግበው እንዲከተቡ። ሁለተኛ፣ አስተዳደሩ ሐኪም ሳያማክር አንዳችም የማስወገድ እርምጃ እንዳይወስድ በጽሑፍ እንዲጠየቅ። ሦስተኛ፣ በከተማው የሚከርሙ ተማሪዎችና በግቢው የሚኖሩ መምህራን ለክረምቱ ተራ እንዲገቡ። ሐምሌና ነሐሴ ከጳጉሜን ጋር ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው። አንድ ሰው አንድ ሳምንት ቢይዝ ዘጠኝ ሰው ይበቃል። ከአዘጋጆቹ መካከል ሦስት ተመዝግበናል፤ የቀሩት ስድስት ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ።