የምንቆጥረውን እንወቅ

ባለፈው ሴሚስተር በክፍላችን ሴሚናር ላይ እኛ አራት ተማሪዎች ሆነን የአንድ ፕሮቲን ሥዕል ይዘን ቀርበን ነበር። ሥዕሉ ያማረ፥ ቀለሙም የደመቀ ስለ ነበረ ተመልካቹ ሁሉ አጨበጨበልን። ጭብጨባው ሲያበቃ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ፥ «ሁለት አሚኖ አሲዶች ተነካክተዋል የምትሉት በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ8 አንግስትሮም ሲያንስ ነው ብላችኋል፤ ስለ ምን 8 ሆነ? 7 ወይም 10 ቢሆንስ?» ሲል ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ መልስ አልነበረንም። ቁጥሩን የመረጠው የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ነበር፤ የእኛ ድርሻ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር።

ይህን አስተያየት የምንጽፈው ያን ቀን የደረሰብንን ሐፍረት ለመሸፈን አይደለም። ከጓደኞቻችን ጋር ስንነጋገር ችግሩ የአራታችን ብቻ እንዳልሆነ ስለ ተረዳን ነው። ብዙዎቻችን መሣሪያው የሰጠንን ቁጥር እንዳለ ተቀብለን በሰንጠረዥ እናሰፍራለን፤ ሰንጠረዡም ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የተለካው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን ጠያቂም መላሽም የለም።

ትምህርቱ ከእኛ ክፍል ውጭ ለሆናችሁ አንባቢዎች ነገሩን ከመሠረቱ እንግለጽ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ተሰክተው የሚሠሩት ነገር ነው። ሲያያዙ ውሃ ስለሚለቁ በክሩ ላይ የቀረው እያንዳንዱ ክፍል «ቅሪት» ይባላል። ክሩ ግን እንደ ተዘረጋ አይቀርም፤ ይታጠፋል፥ ይጠመዘዛል። ሲታጠፍም በቁጥር ተራ የተራራቁ ቅሪቶች በቦታ ጎረቤት ይሆናሉ። የዚህ ጉርብትና ስም ነው ንክኪ ማለት።

ለምሳሌ ሪቦኑክሊየስ ኤ የተባለውን የላም ፕሮቲን እንውሰድ። 124 ቅሪቶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሲስቲን ሲሆኑ፥ ሁለት ሁለት እየሆኑ በድኝ ድልድይ ይተሳሰራሉ፤ 26ኛው ከ84ኛው፥ 40ኛው ከ95ኛው፥ 58ኛው ከ110ኛው፥ 65ኛው ከ72ኛው ጋር። ስምንት ነገሮችን ሁለት ሁለት አድርጎ ለማጣመር 105 መንገድ አለ። ትክክሉ አንድ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ክርስቲያን አንፊንሰን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ይህን ፕሮቲን በዩሪያ ውስጥ ፈትቶ ድልድዮቹን ቆረጣቸው። ዩሪያው ሳይወጣ ድልድዮቹ እንደ ገና እንዲያያዙ ቢያደርግ፥ ያገኘው ከቀድሞው ሥራ መቶኛውን ያህል ብቻ የሚሠራ የተዘበራረቀ ነገር ሆነ። ዩሪያው በቅድሚያ ሲወጣለት ግን ፕሮቲኑ ራሱ ታጥፎ፥ ትክክለኛ ጥንዶቹን አግኝቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። አንፊንሰን በዚህ ሥራ በ1972 የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

ከ105ቱ መንገዶች ትክክለኛውን የመረጠው ማን ነው? ሌሎቹ ጥቃቅን ንክኪዎች ናቸው። ውሃን የሚሸሹት ቅሪቶች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ይሳሳባሉ፤ ሃይድሮጅን በሁለት አተሞች መካከል ይጋራል። እያንዳንዱ ንክኪ ለብቻው ደካማ ነው፤ ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው፥ ሲያብሩ ፕሮቲኑን አጽንተው ይይዙታል። አንድ የማይገባ ንክኪ ሲጨመርም ሕይወት ይታመማል። በሂሞግሎቢን የቤታ ሰንሰለት 146 ቅሪቶች አሉ። 6ኛው ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ሲተካ፥ ሂሞግሎቢኑ ኦክሲጅኑን በለቀቀ ጊዜ ያ ቫሊን በጎረቤቱ ሂሞግሎቢን 85ኛ ፌኒላላኒንና 88ኛ ሉሲን መካከል ባለው ጎድጓዳ ይገባል። አንዱ ሌላውን እየያዘ ረጅም ዘንግ ይሠራል፤ ቀይ የደም ሕዋሱም እንደ ማጭድ ይቆለመማል። የሲክል ሴል በሽታ የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ ንክኪ መቁጠር የሥዕል ጨዋታ አይደለም።

አሁን ወደ ተጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። በክሩ ላይ ተከታትለው የሚገኙ ሁለት ቅሪቶች አልፋ ካርቦኖቻቸው ብዙውን ጊዜ 3.8 አንግስትሮም ያህል ይራራቃሉ። አንዱን ዘለን ሦስተኛውን ብንለካ ርቀቱ ቢበዛ የሁለቱ እርምጃ ድምር፥ ማለት 7.6 ነው። ይህ ከ8 ያንሳል። ስለዚህ በአልፋ ካርቦን እየለካን ወሰኑን 8 ካደረግን፥ በሪቦኑክሊየስ ውስጥ 123 የቅርብ ጎረቤቶችና 122 አንድ የዘለሉ፥ በጠቅላላው 245 ጥንዶች ሁልጊዜ «ተነካክተዋል» ይባላሉ። ክሩ ቢታጠፍም ባይታጠፍም ቁጥራቸው ያው ነው። ስለ መታጠፉ አንዳች ነገር አይነግሩንም። እኛ በሴሚናሩ ላይ በኩራት ካቀረብነው ድምር ውስጥ እንደዚህ ያሉት ሁሉ ተደምረው ነበር።

ሌላም አለ። አርጂኒን ረጅም ክንድ አለው። ዋናው ክር ርቆ ሳለ ጫፉ ተዘርግቶ የግሉታሚክ አሲድን ጫፍ ሊይዝ ይችላል፤ በአልፋ ካርቦን የሚለካ ሰው ግን ይህን እውነተኛ ንክኪ ያጣዋል። በአንጻሩ ሁለት ቅሪቶች ተቀራርበው ሳሉ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ አንዳንዶች ቤታ ካርቦንን ይለካሉ፤ እነርሱም ቤታ ካርቦን ለሌለው ለግሊሲን ምን እንዳደረጉ መናገር አለባቸው። ሌሎች ደግሞ ከሃይድሮጅን በቀር ያሉትን አተሞች ሁሉ እየለኩ ወሰኑን ወደ 4.5 ወይም 5 ዝቅ ያደርጋሉ። ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው ለሚሉን መልሳችን፥ መለኪያው ከጥያቄው ይምጣ የሚል ነው። የክሩን አጠቃላይ አጣጣፍ ለሚፈልግ 8 ይበቃዋል፤ የአንድ ቻርጅን መያያዝ ለሚፈልግ ግን አይበቃውም።

ይህን ስንናገር ሁለት ተቃውሞ ይቀርብብናል። የመጀመሪያው «ይህ የሀብታም አገር ሥራ ነው» የሚለው ነው። ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። ሕንዳዊው ራማቻንድራን በማድራስ ዩኒቨርስቲ ሆኖ ጎፒናት ካርታ ከተባለው የሥራ ጓደኛው ጋር በ1954 የኮላጅንን ቅርጽ አቀረበ። ክሪክና ሪች በዚያ ቅርጽ ውስጥ አንዳንድ አተሞች ከሚገባው በላይ ተጠጋግተዋል ሲሉ ነቀፉት። ራማቻንድራንም አተሞች ሳይጋጩ ምን ያህል ሊጠጋጉ ይችላሉ ወደሚለው ጥያቄ ገባ። ሌሎች ካሳተሟቸው የክሪስታል ጥናቶች ርቀቶችን እየሰበሰበ፥ ከራማክሪሽናንና ከሳሲሴካራን ጋር በ1963 ውጤቱን አሳተመ። ልብ በሉ፤ ወሰኑን አንድ ብቻ አላደረጉትም። አንዱን የተለመደ፥ ሁለተኛውን የመጨረሻ ብለው ሁለቱንም በግልጽ ጻፉ። ከዚያ የወጣው በስሙ የሚጠራው ሠንጠረዥ ዛሬም በዓለም ሁሉ አዲስ የፕሮቲን ቅርጽ የሚመረመርበት ነው። ማድራስ ላይ የተቻለ ነገር እኛ ዘንድ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። ደግሞም በ1971 በ7 ቅርጾች የተጀመረው የፕሮቲን ቅርጾች መዝገብ ዛሬ ከ200,000 በላይ ቅርጾች አሉት፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያነብበዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ማሽን ሁሉን ጨርሶታል» የሚለው ነው። በእርግጥ አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም በ2020 በተደረገው ውድድር ከፍተኛ ውጤት አግኝቷል፤ ሐሳቢስና ጃምፐርም ከቤከር ጋር የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፍለዋል። ይሁን እንጂ ለዚህ መንገድ የጠረገው የንክኪ ጥናት መሆኑን አንርሳ። የተነካኩ ሁለት ቅሪቶች አንዱ በዘመናት ብዛት ሲለወጥ ሌላውም አብሮት ይለወጣል፤ ከዚህ የዝምድና ምልክት ተነሥቶ ንክኪን መገመት የተቻለው ከአልፋፎልድ በፊት ነው። ደግሞም ማሽኑ ራሱ ለእያንዳንዱ ቅሪት ምን ያህል እርግጠኛ እንደ ሆነ ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ያን ነጥብ ሳይመለከት ንክኪ የሚቆጥር ተማሪ ከማሽኑ ይልቅ ደፋር ነው።

ነገሩ ከአገራችን የራቀም አይደለም። በ2023 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ የወባ ናሙናዎች ውስጥ፥ ኬልች 13 በተባለው የጥገኛው ፕሮቲን ላይ 622ኛው አርጂኒን በአይሶሉሲን ተተክቶ እንደ ተገኘ ገልጿል። ይህ ለውጥ አርቴሚሲኒን የተባለውን መድኃኒት በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ ነው። አርጂኒን ረጅም ክንድና ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ነው፤ አይሶሉሲን ግን ቻርጅ የለውም፥ ውሃንም ይሸሻል። ያ ክንድ ማንን ይዞ ነበር? ሲለቅስ ምን ይፈታል? የፕሮቲኑ ቅርጽ በነጻ መዝገቡ ውስጥ ይገኛል። ይህን ጥያቄ ከእኛ ይልቅ ሊጠይቅ የሚገባው ማን ነው?

ስለዚህ በበኩላችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ንክኪ የሚቆጥር ጽሑፍ ሁሉ የትኛው አተም እንደ ተለካ፥ ወሰኑ ስንት እንደ ሆነና በክሩ ላይ ምን ያህል የሚቀራረቡ ጥንዶች እንደ ተተዉ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ወሰኑ ከፍና ዝቅ ተደርጎ ይሞከር፤ በ8 ታይቶ በ7 የሚጠፋ ውጤት እንደ ውጤት አይቆጠር። ሦስተኛ፥ መምህራኖቻችን ለሥዕሉ ውበት ሳይሆን ለእነዚህ መልሶች ማርክ ይስጡ።

ያን ቀን የጠየቀን ተማሪ አሁን አምስተኛችን ሆኗል። በሚመጣው ሴሚናር የቀድሞውን ፕሮቲን በ7፥ በ8 እና በ10 ለክተን እናቀርባለን። ጥያቄ ያላችሁ ሁሉ ከኋላ ወንበር ሳይሆን ከፊት እንድትቀመጡ እንጋብዛችኋለን።